ወሎን ያካለለ ሌንስ፦ ኒኮን 200-500 ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሌንሱን የገዛሁት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛ እጅ፣ ከአዲስ አበባ። አሁን ግንቦት ገብቷል። በነዚህ ወራት ግሸን ወጥቷል፣ ገናን ላሊበላ ውሏል፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ተፈራርቀውበታል። ስለዚህ አሁን ደፈር ብዬ መናገር እችላለሁ።

ሙሉ ስሙ ኒኮን 200-500 ሚሊሜትር ኤፍ/5.6 ነው፤ ሚሊሜትሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ደግሞ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ዋጋው 1,400 ዶላር ነበር። የምጠቀመው በኒኮን ዲ7200 ካሜራ ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 500ው የ750 ያህል ያቀርባል።

ደሴ ውስጥ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ «ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?» ብለው ነው። እኔ ነገሩን በሜትር ማሰብ እመርጣለሁ። በእኔ ካሜራ፣ 500 ላይ፣ 100 ሜትር ርቆ ያለን ነገር ስታነሱ ፍሬሙ ወደ ጎን 4.7 ሜትር ያህል ይይዛል። ቀይ ቀበሮ ጭራዋን ሳይጨምር 1 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ የፍሬሙን አንድ አምስተኛ ትይዛለች። 200 ሜትር ላይ አንድ አስረኛ ትሆናለች። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ግን 100 ሜትር ላይ እንኳ ፍሬሙ ወደ 8 ሜትር ይሰፋና ቀበሮዋ ሣሩ ውስጥ ትጠፋለች። በ600 ደግሞ 3.9 ሜትር ነው። ከ300 ወደ 500 መሄድ ብዙ ለውጥ አለው። ከ500 ወደ 600 ያለው ልዩነት ግን ኮምፒውተር ላይ ጠርዙን ቆረጥ ሲያደርጉት የሚካካስ ነው።

ለዚህ ነው የሲግማንና የታምሮንን 150-600 ሌንሶች ትቼ ይኼን የያዝኩት። ሁለቱም ጥሩ ሌንሶች ናቸው። ቀለል ያለው ሲግማ 1,930 ግራም ነው፣ የእኔው 2,300። ክብደት ላይ እነሱ ይሻላሉ። ነገር ግን ጫፍ ላይ ሲደርሱ ብርሃናቸው ወደ ኤፍ/6.3 ይወርዳል፤ የኒኮኑ ከ200 እስከ 500 ኤፍ/5.6 ላይ ይጸናል። እኔ አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 በምጠቀምበት ብርሃን እነሱ 1000 ይፈልጋሉ። በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ፀሐይ ሊሞቁ ብቅ ሲሉ ግን ይታወቃል። ያን ጊዜ ብርሃን የለም፣ እነሱ ደግሞ ቁጭ አይሉም።

ከሚሊሜትር ይልቅ ልብ ማለት ያለባችሁ አየሩን ነው። ይኼንን ሳልደጋግም አላልፍም። መሬት ሲግል በላዩ ያለው አየር ይርገበገባል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር ብርሃንን እኩል አያጎብጡትም፤ ስለዚህ ሩቅ ያለ ነገር መስመሩ ይሟሟል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ 300 ሜትር ርቆ ያለ ወፍ ጥርት አይልም። ሌንሱ ውድ ይሁን ርካሽ ለውጥ የለውም። አንድ ወዳጄ 1.4 እጥፍ የሚያስረዝም ኮንቨርተር አውሶኝ ነበር። 500ውን 700 ያደርገዋል፣ ብርሃኑን ግን ወደ ኤፍ/8 ያወርደዋል። በዚያ ሙቀት ያገኘሁት ትልቅ ብዥታ ነው። በማለዳ፣ በብርድ፣ ከዝናብ በኋላ አየሩ ሲታጠብ ግን ይኸው ሌንስ ያስደንቃል። ከመኪና መስኮት የምታነሱ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። ከኮፈኑ የሚወጣው ሙቀትም ያው ነው።

ክብደቱን እንነጋገር። ከካሜራው ጋር 3 ኪሎ ይሞላል። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ አጥማጅ ወፎችን ለሚጠብቅ ሰው ችግር አይደለም። አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ክንድ ይዝላል። የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ እዚያ ላይ ባለውለታዬ ነው። የቆመ ነገር ከሆነ በ1/250 ሰከንድ በእጅ አንስቼ ጥርት ያለ ፎቶ አግኝቻለሁ። መከላከያው የሚያግደው የእኔን እጅ ብቻ ነው፤ የሚሮጥ እንስሳ ቢያንስ 1/1000፣ የሚበር አሞራ 1/2000 ይፈልጋል።

ትራይፖድ ተራራ ላይ አልይዝም። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) ይበቃል፤ ሽቅብ ስወጣ እንደ ዱላ እመረኮዘዋለሁ። ከሱ ሌላ ባዶ የጨርቅ ከረጢት እይዛለሁ። የደረስኩበት ገበያ ሽምብራ ገዝቼ እሞላዋለሁ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሌንሱን አሳርፍበታለሁ። ከዚህ የተሻለ ማሳረፊያ አላገኘሁም። አውቶቡስ ላይም አይከብድም፣ ሽምብራውም ይበላል።

ዙሙ ረጅም ዙር አለው። ከ200 እስከ 500 ለማድረስ እጅን ለቆ እንደገና መያዝ ይጠይቃል። ወንዶቹ ጭላዳዎች ድንገት ሲጣሉና ወደ እናንተ ሲሮጡ ይኼ ያስቸግራል። 200ውም ለቅርብ ነገር ይረዝማል። ገና ላይ ቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ይኼ ሌንስ የሚይዘው የአንድ ካህን ፊት ነው። ሙሉውን ትዕይንት ለሚፈልግ ሌላ ሌንስ የግድ ነው። መስከረም 21 ግሸን ላይ ግን ተቃራኒው ሆነ። ከሩቅ ሆኜ ሽቅብ የሚወጣውን ምእመን ስመለከት ሌንሱ ሰውን በሰው ላይ ደርቦ፣ ነጠላውን ከአምባው ጋር አጣብቆ አሳየኝ። ከዚህ ሁሉ ወር የምወደው ፎቶ እሱ ነው።

ላሊበላ አካባቢ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ አለ። ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ይደርሳል። 100 ሜትር ላይ የፍሬሙን ግማሽ ይሞላል። ፎከሱ በጠራ ሰማይ ላይ ቶሎ ይይዘዋል። ወደ ገደሉ ሲጠጋ ግን አንዳንዴ ድንጋዩን ይመርጣል። ከጎኑ ያለውን ማብሪያ «ከ6 ሜትር በላይ» ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ፎከሱ ቅርቡን ሁሉ ሲፈልግ አይባክንም።

ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ነገር አደራ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ረጅም ሌንስ የያዝነው ሳንጠጋቸው እንድናነሳ ነው። አይጥ ማደኗን አቁማ ቀና ብላ ካየቻችሁ ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ በሉ። ምግብ አትወርውሩላት።

ደግሞ የሰውንም ስሜት አስቡ። ረጅም ጥቁር ነገር ትከሻ ላይ ሲታይ ጥሩ አይመስልም፣ በተለይ በዚህ ጊዜ። የወታደር ልብስ የሚመስል ሽፋን በፍጹም አታልብሱት። መንደር ስትደርሱ አስቀድማችሁ ሰላም በሉ። አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ከሩቅ ቆመው «አንተ ልጅ፣ የያዝከው ጠመንጃ ነው?» አሉኝ። «ኧረ ካሜራ ነው አባባ! ይምጡ ይዩበት» አልኳቸው። ማዶ ገደሉ ላይ ያለውን ጭላዳ ሲያዩ «ኧረ ጉድ፣ ጥርሱ ሳይቀር!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የጭላዳው መንጋ ከሰዓት የት እንደሚውል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ዝናብ ላይ አትመኑት፤ የጎማ መከላከያ ያለው ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እኔ ፌስታል በላስቲክ አስሬ እሸፍነዋለሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ፣ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል። የፊቱ ፊልተር 95 ሚሊሜትር ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። ኮፍያውን (ፊቱ ላይ የሚገጠመውን ጥላ) ሁልጊዜ አድርጉለት፣ እሱ ይበቃዋል።

ኒኮን ካሜራ ላለው፣ በተለይ ዲ7200 ወይም ዲ500 ለያዘ፣ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ገንዘብ ያለው የኒኮንን 500 ኤፍ/5.6 ይይ፤ 1,460 ግራም ብቻ ነው፣ ሲወጣ ግን 3,600 ዶላር ነበር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በ300 ቀላል ሌንስ ወፉን ትቶ ጭላዳ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ካላችሁ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። 500 ላይ፣ ኤፍ/5.6 ላይ፣ ሩቅ ያለ ታፔላ በጠዋት አንሱና ፊደሉን አጉልታችሁ እዩ። ከዚያ መንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፍታችሁ፣ አብርታችሁ ደግማችሁ አንሱ። ልዩነት ከሌለው አትግዙ።