«የድመት ነው» ብሎ የጥጃ ወተት ሸጠልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እናታቸውን ውሻ የገደለባቸው የዱር ጥንቸል ግልገሎች እጄ ላይ ወድቀው ነበር። «ተያቸው፣ እናትየዋ ትመለሳለች» የምትሉኝ እንዳትኖሩ፣ ሬሳዋን አይቻለሁ። የዱር ጥንቸል ልጆቿን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ትታ፣ አመሻሽ ላይ መጥታ አጥብታ እንደምትሄድም አውቃለሁ። ብቻውን የተገኘ ግልገል ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም። እነዚህ ግን ነበሩ። የዱር እንስሳት ሐኪሟ መጥታ እስክትረከበኝ ድረስ የምሰጣቸውን በስልክ ነገረችኝ፤ ለድመት ግልገል የተሠራ የዱቄት ወተት። «ሌላ እንዳትገዢ» አለችኝ።

ያለ ምክንያት አይደለም። የላም ወተት ስቡ 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ደግሞ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። የዱር ጥንቸል ወተት ሌላ ነገር ነው። ስቡ 15 በመቶ አካባቢ ሲሆን ላክቶሱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ስኳር ሲገባበት የግልገሉ አንጀት መፍጨት ያቅተዋል። ውስጥ ይቦካል፣ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት ተቅማጥ ከያዛት ውሃዋ ተሟጦ ለማለቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ለድመት ከሚሠሩት የታወቁ ዱቄቶች አንዱ 42 በመቶ ፕሮቲንና 25 በመቶ ስብ አለው። የእናታቸውን አይተካም፣ ግን ከላም ይሻላል።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋውን ለብሶ የጠየቃችሁትን ሁሉ «አለ» የሚለው ዓይነት ነው።

«የድመት ግልገል ወተት አለ?»
«አለ።»
«የታሸገ ነው?»
«ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ከትልቁ ቀንሰን ነው የምንሰጠው። ይረክስልሻል።»

ጓዳ ገብቶ በፌስታል የታሰረ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። የድመት መሆኑን ደግሜ ጠየቅሁት። «ስንቱን አሳድገንበታል» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

በማግስቱ የሁሉም ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። አንዷ ሞተች።

ተመልሼ ሄድኩ። ዱቄቱ የወጣበትን ጆንያ አሳየኝ አልኩት። «ጓዳ ደንበኛ አይገባም» አለ። እዚያው ስንከራከር አንድ ሰውዬ መጣና የጥጃ ወተት ጠየቀ። ተላላኪው ልጅ ጓዳ ገብቶ ጆንያውን እየጎተተ አወጣው። ያው ነጭ ዱቄት! ፌስታሉም ያው! ጆንያው ላይ ጥጃ ተስሏል። ጎንበስ ብዬ ጽሑፉን አነበብኩት፤ ፕሮቲን 20፣ ስብ 20፣ የአጓት ዱቄት፣ አኩሪ አተር። የአጓት ዱቄት እኮ አብዛኛው ላክቶስ ነው!

«ይሄን አይደል የሸጥክልኝ?»
«እና? ወተት ወተት ነው።»
«የድመት ነው አልከኝ እኮ!»
«ድመት የላም ወተት አትጠጣም እንዴ?»

ብሎ ወደ ልጁ ዞሮ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ጥጃ ሊያጠባ የመጣው ሰውዬ እንኳ አልቀረም። ሦስቱም ሙድ ያዙብኝ። እስካሁን የምታንገበግበኝ ግን የመጨረሻዋ ናት፦ «ለአውሬ ነው እንዲህ የምትጮኺው? እናትየዋ ሌላ ትወልድ የለ!» እናትየዋ መሞቷን ገና ከበሩ ስገባ ነግሬዋለሁ።

ገንዘቤን ስጠይቅ ደረሰኝሽን አንብቢው አለኝ። «ዱቄት ወተት፣ 1 ኪሎ» ይላል። የድመትም አይል፣ የጥጃም አይል። እጁ ለምዶታል ማለት ነው፤ ማንም መጥቶ ቢጮህበት እንዲያመልጥ አድርጎ ነው የሚጽፈው።

ደግነቱ የእሱ ጆንያ ላይ መድኃኒት የሚል አላየሁም። አንዳንዱ የጥጃ ወተት ውስጥ የአንጀት ተባይ መከላከያ ይቀላቀልበታል፣ መጠኑም ለጥጃ የተለካ ነው። ያ ቢሆን ኖሮ ምን ልናደርግ ነበር?

የተረፉትን ሐኪሟ ወስዳቸዋለች። ወተቱን አስቁማ ለጊዜው ለብ ያለ የኤሌክትሮላይት ውሃ (የሰውነት ጨውና ማዕድን የሚተካ) ብቻ እየሰጠቻቸው ነው፣ ትክክለኛውን ዱቄት በጣም አቅጥና ቀስ በቀስ ትጀምርላቸዋለች።

እናንተ ከፋብሪካው እሽግ ውጭ ምንም እንዳትገዙ። ክፍት ጆንያ ውስጥ የከረመ ስብ ይበላሻል፣ የሚያበቃበትን ቀንም አታውቁም። ለየትኛው እንስሳ እንደተሠራና የፕሮቲንና የስብ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ደረሰኙ ላይ የምርቱ ሙሉ ስም ይጻፍ። አልጽፍም ካለ ሳትከፍሉ ውጡ።