የኦቢሶን ምንጣፍ፦ የወለሉ፣ የግድግዳው ወይስ የማሽኑ ቅጂ?

አሮጌ የአውሮፓ ምንጣፍ የሚያምራቸው ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «የወለሉ ይሻላል ወይስ የግድግዳው?» መልሴም አንድ ነው፤ የግድግዳው፣ ያውም ቁራጩ። በጀታችሁ ከ2,000 ዩሮ የማያልፍ ከሆነ ሙሉውን እርሱት።

ሁለቱም የሚሸመኑት መካከለኛው ፈረንሳይ ባለችው ኦቢሶን ነው። ከተማዋ በ1665 (እ.ኤ.አ.) የንጉሣዊ ሽመና ማዕረግ አገኘች፤ በ1685 ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሽር ግን ብዙ ሸማኔዎቿ ተሰደዱ። ወደ ወለል ምንጣፍ የገባችው ዘግይታ፣ በ1743 ነው።

የወለሉ ችግር አሠራሩ ነው። በኋላ የታወቀችበት ምንጣፍ ጸጉር የለውም፤ ጫማችሁ በቀጥታ ማጉን ይበላዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ባለ አበባ ምንጣፍ በጨረታ አንዳንዴ በ1,500 ዩሮ ይወጣል፤ ገዢው ይደሰታል። በዚያ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ የአጫራች ክፍያ አለ። ቀጥሎ ጠጋኙ ይመጣል፤ ሒሳቡ በሰዓት ነው። ማጉ ብቻ ከተበላ ይቻላል፤ ድሩ ከተበጠሰ ግን ክሩ አንድ በአንድ እንደገና ስለሚዘረጋ ጥገናው ከግዢው ሊበልጥ ይችላል። አንድ ወዳጄ ይህን የሰማው ምንጣፉ ሳሎኑ ከገባ በኋላ ነው። አሁን እንዳይረገጥ ወንበር ደርድሮበታል፤ የወንበሩ እግር ደግሞ በተራው እየበሳው ነው።

በሌላ በኩል፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የደን ሥዕል ያለበት የግድግዳ ምንጣፍ ቁራጭ ከ300 እስከ 900 ዩሮ ሲሸጥ አያለሁ። ዛፉ ሰማያዊ ቢሆን አትደንግጡ፤ አረንጓዴው የተገኘው ቢጫና ሰማያዊ ተደራርበው ነበር፣ ቢጫውን ብርሃን በላው። የጥቁር ቡናማው ክር መፈርፈርም የተለመደ ነው፤ በማቅለሚያው ውስጥ ያለው ብረት ሱፉን ያበሰብሰዋል። በቀለማት መካከል የተከፈቱ ስንጥቆችን መስፋት ርካሽ ነው። ሐሩ እንደ ዱቄት ከረገፈ ግን ዋጋ ሳትጠይቁ ተመለሱ።

የጃካርድ፣ ማለትም ሥዕሉን በራሱ የሚሸምን ማሽን ቅጂ አዲሱ ከ100 እስከ 400 ዩሮ ነው፤ ቅጂነቱ ተነግሮ ከተሸጠ ነውር የለውም። ነውሩ በሻይ ነክሮ፣ አሮጌ ገበር ሰፍቶ፣ 1,200 መጠየቅ ነው። መቶ ዓመት የሞላው የማሽን ሥራም ስላለ ማርጀቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ጀርባውን እዩ፦ የእጅ ሥራ ጀርባው ያንኑ ሥዕል ገልብጦ፣ በደመቀ ቀለም ያሳያል፤ የማሽኑ ጀርባ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር በመስመር የሚሮጡበት ነው። የገበሩን ጥግ ለመፍታት እንቢ ካለ ሻጭ ጋር አትከራከሩ፤ ውጡ። እርጥብ ነጭ ጨርቅም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲነካ ቀለም ከለቀቀ ያለቀው ቦታ በብሩሽ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

የቁራጭ ሌላው ትርፍ ብልን ማጥፋት መቅለሉ ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የቤት ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ አራት ሜትር ምንጣፍ የት ታስገቡታላችሁ? ትራስ ሆኖ የተሰፋውን ግን ተዉት፤ መዳፍ ለምታህል ጨርቅ የሙሉ ቁራጭ ዋጋ ያስከፍሏችኋል።