አዳማ ዙሪያ የጉድጓድ ውሃ ለምትጠጡ፦ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ የሠራልንን ልጅ አመስግኑልኝ

ያደግኩት ወንጂ ነው። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ጀርባው ደርቆ ዞር ማለት እንኳ ያቅተው ነበር። የእኔም የወንድሞቼም ጥርስ የበለዘ ነው፤ ፎቶ ስነሳ አፌን ገጥሜ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) እንደሚበዛበት ያወቅነው ዘግይተን ነው። አዳማ ዳር ቤት ሠርተን ውሃውን ስናስመረምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በብዙ በልጦ ሲገኝ አለቀስኩ። ትንሿ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

አንዱ "አፍልታችሁ ጠጡ" አለን። ሲፈላ የሚሄደው ውሃው ነው፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፤ እንዲያውም ይብሳል። ሌላው ባለ ሶላር፣ ባለ ባትሪ ማጣሪያ ብሎ የደረሰኝን የእቁብ ብር በሙሉ ወሰደ። በሦስት ወሩ ቆመ። ስንደውል "ነገ"፣ ቀጥሎ "ከነገ ወዲያ"፣ በኋላ ስልክ ማንሳቱንም ተወ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄ ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀን "ስንት ሰው ናችሁ? በቀን ስንት ሊትር ትጠጣላችሁ?" ብሎ ነው። "ለልብስ ማጠቢያው ምን አደከማችሁ፤ የመጠጡና የወጡ ይበቃል" አለን። ጥቁር የተቀባ የቆርቆሮ ትሪ፣ ከላዩ ዘመም ያለ መስታወት፤ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ጀሪካን ውስጥ ይንጠባጠባል። ከዚህ በላይ አይገባኝም። ባትሪ የለው፣ ፓምፕ የለው። ሁለት ካሬ ሜትር ነው፤ ፀሐይ ደህና ስትሆን ወደ 7 ሊትር ይሰጠናል። ለክረምቱ ደግሞ ዝናብ እንድንቀበልበት ጠርዙ ላይ አሸንዳ አበጀለት።

እናቴ "ፀሐይ ደግሞ ውሃ ታጣራለች?" ብላ አልዋጥላት አለ። አልተቆጣም። "እማማ፣ ይምጡ እስቲ" ብሎ የመስታወት ቁራጭ ላይ ከጉድጓዱ አንድ ጠብታ፣ ከተጣራው አንድ ጠብታ አድርጎ ፀሐይ ላይ አኖረው። ቡናው ቶና ሳይደርስ ሁለቱም ደረቁ። የጉድጓዱ ነጭ ክብ ትቷል፤ እናቴ በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ዱቄት ተነሳ። የሌላው ቦታ ባዶ ነው። ዝም ብላ ተነስታ ግንባሩን ሳመችው።

በወሩ ጠርዙ ሲያፈስ መጥቶ በራሱ ሲሊኮን ማጣበቂያ ጠገነው፤ ብር ስሰጠው እምቢ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ!

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ እባካችሁ ደውሉለት። ጥርስ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ነውና አትዘግዩ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ማታ ማታ ሞክሩት፤ ቀን ብየዳ ላይ ስለሚሆን አይሰማም።