ዙሊፕ፦ ዘግይቶ ለሚደርስ በጎ ፈቃደኛ የሚመች የመወያያ ሶፍትዌር

በጎጃም ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላም ተሰባስበን ክፍት ምንጭ የሚባሉትን፣ ማለትም ኮዳቸውን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችለውን ሶፍትዌሮች ወደ አማርኛ የምንመልስ በጎ ፈቃደኞች ውይይታችንን የጀመርነው በአንድ የጋራ ግሩፕ ነበር። የትርጉም ጥያቄ፣ የኮድ ስሕተትና የስብሰባ ማስታወቂያ በአንድ ቦታ ሲደራረቡ፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት የሰነበተ ሰው ሲመለስ የተወሰነውን ካልተወሰነው መለየት ይቸግረዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ጉዳቱ ይበልጥ ጎላ። ዙሊፕን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዙሊፕ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ የፋይል ማከማቻ ኩባንያው ድሮፕቦክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዱ አፓቺ 2.0 በተባለ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ለሁሉም የተከፈተ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዘጋጆችም ይወያዩበታል። እያንዳንዱ መልእክት በአንድ ቻናል (ሰፊ የውይይት ክፍል) ውስጥ፣ በቻናሉም በአንድ ርዕስ ሥር ይቀመጣል። ለምሳሌ «የቀን አቆጣጠር» በሚለው ርዕስ ሥር የሚጻፈው ሁሉ ጳጉሜንን በቀን መምረጫው ውስጥ እንዴት እናስገባ የሚለውን ብቻ ስለሚመለከት፣ ከሳምንታት በኋላ የተመለሰ ተርጓሚ ክርክሩን ከመነሻው አንብቦ ሐሳቡን እዚያው ማከል ይችላል። ያለቦታው የተጻፈ መልእክት ወደ ትክክለኛው ርዕስ ይዛወራል፤ እልባት ያገኘ ጉዳይም ምልክት ይደረግበታል።

ቻናል ማብዛት አያስፈልግም። ትርጉም፣ ኮድ፣ ቅርጸ ቁምፊ፣ ማስታወቂያና አዲስ ገቢዎች የሚሉት በቅተውናል። አዲስ ቻናል መከፈት ያለበት ጉዳዩን ለይተው የሚከታተሉ ሰዎች ሲኖሩ ነው፤ አዲስ ሐሳብ ብቻ ከሆነ አዲስ ርዕስ ይበቃዋል። አስተባባሪዎች ከፈቀዱ የተመረጡ ቻናሎችን ማንኛውም ሰው አካውንት ሳይከፍት ማንበብ ስለሚችል፣ ለመግባት የሚያመነታ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራችንን አስቀድሞ አይቶ መወሰን ይችላል፤ ይህን እጅግ እወደዋለሁ።

እንከኖቹንም መናገር ይገባል። በነጻው አገልግሎት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት የሚቻለው የቅርብ 10,000 መልእክቶችን ብቻ ነው፤ ሆኖም ክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች አመልክተው ሰፊውን አገልግሎት ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ። ዙሊፕን በራስ ሰርቨር (አገልግሎቱን በሚያስኬድ ኮምፒውተር) ላይ መጫን ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ) እና ዘወትር የሚከታተለው ባለሙያ ስለሚጠይቅ ለትንሽ ስብስብ አልመክረውም። በስልክ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ለለመደ ሰው ደግሞ ርዕስ እየመረጡ መጻፍ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ አዲስ ገቢዎችን በትዕግሥት ማለማመድ ያስፈልጋል።

ቴሌግራም በ2022 እ.ኤ.አ. ግሩፕን በርዕስ መክፈል የሚያስችል አሠራር ስላመጣ፣ ጥቂት አባላት ላሉት ስብስብ ያ ሊበቃ ይችላል። የሰርቨሩ ኮድ ግን ክፍት ስላልሆነ፣ ለክፍት ምንጭ የቆሙ ሰዎች የውሳኔ መዝገባቸውን እዚያ ማኖራቸውን አልደግፍም። እኛ ቴሌግራምን ለስብሰባ ሰዓት ማስታወሻ ብቻ አስቀርተነዋል፤ በአካል ተገናኝተን የተስማማንበት ነገር እንኳ በዙሊፕ በርዕሱ ሥር እስኪጻፍ ድረስ እንደ ውሳኔ አይቆጠርም።