ሪፍለር ወይስ ሽትራሰር ኡንድ ሮዴ? ከመክፈላችሁ በፊት

ጀርመን ያላችሁ ወዳጆቼ የድሮ የግድግዳ ሰዓት ባያችሁ ቁጥር ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። «ይሄ ያዋጣል?» ነው ጥያቄው። አንዴ ልጻፈውና ይለቅልኝ።

የመጀመሪያዬን በ3,800 ዩሮ ገዛሁ። ሻጩ «ሪፍለር ነው» አለኝ፤ ጊዜን በጣም በትክክል በመቁጠር የታወቀ የጀርመን ሰዓት ነው ማለቱ ነው። እውነትም ፔንዱለሙ (የሚወዛወዘው ዘንግ) ላይ ስሙና ቁጥሩ ተቀርጿል። ሰዓት ሠሪው ፈታውና ማሽኑ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ። ለካ የሙኒኩ ሪፍለር ፔንዱለሙን ለብቻው ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎችም ይሸጥ ነበር! ስለዚህ ፔንዱለሙን አይታችሁ ብር አታውጡ። ማሽኑ ተከፍቶ ይታያችሁ።

ፔንዱለሙስ ግሩም ነው። ተራ የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ሰዓቱን በቀን ግማሽ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ሪፍለር የተጠቀመበት ኢንቫር የሚባለው የብረትና የኒኬል ቅይጥ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ቢያዛባ ነው።

ሙሉ ሪፍለር በአስር ሺዎች ዩሮ ይጠየቅበታል። የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ከ1904 እስከ 1929 ጊዜ የቆጠረበት ሰዓት ስለሆነ አይገርምም። ጣጣው ጥገናው ነው። ፔንዱለሙ የተንጠለጠለው እንደ ወረቀት በሳሳ ስፕሪንግ ነው፤ ግፊቱንም የሚያገኘው በዚያው በኩል ነው። አንድ ወዳጄ ፔንዱለሙን ሳያወርድ መኪና ላይ ጫነው። ስፕሪንጉ ታጠፈ። የሚሠራለት ሰው ፍለጋ አምስት ወር ፈጀ፣ 1,900 ዩሮም ወጣ።

እኔ የምለው ሽትራሰር ኡንድ ሮዴን ነው። በ1875 ግላስሁተ ውስጥ የተመሠረተ ቤት ነው። በግራሃም ስልት (ማሽኑ ፔንዱለሙን የሚገፋበት የተለመደ ዘዴ ነው) የተሠራውን ፈልጉ፤ ደህና ሰዓት ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። የኔ 7,400 ወጥቶበታል፣ ማጽጃውና ዘይቱ 420። በሳምንት ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሳተም።

አቅማችሁ ጥቂት መቶ ዩሮ ከሆነ ጉስታቭ ቤከር የሚባል የድሮ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ ያምራል። ግን «ሬጉላተር» (ጊዜን በትክክል የሚቆጥር ሰዓት) ተብሎ የዚያን ዋጋ እንዳትከፍሉበት። የሰከንድ ቆጣሪውን አንድ ዙር በስልካችሁ ሰዓት ለኩት። በብዙዎቹ ዙሩን የሚጨርሰው በ60 ሳይሆን በ45 ሰከንድ ገደማ ነው። ከፔንዱለሙ ጎን ለጎን የተደረደሩት ዘንጎችም ብዙ ጊዜ ጌጥ ብቻ ናቸው። በሰከንድ አንዴ የሚመታ ፔንዱለም 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ።