የታዳጊዎች ሴካፋ የሚታይበት የደሴ ኳስ ቤት

ደሴ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚያሳይ ቤት ለማግኘት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ ጩኸቱ ራሱ መንገድ ይመራል። ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኖች የሚጫወቱበትን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር፣ የታዳጊዎች ሴካፋ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚያዩበት ቤት ግን እንደዚህ በቀላሉ አይገኝም። ከሆጤ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ያለው ማሳያ ቤት በሩ ላይ ስም ስላልተጻፈበት ሰፈርተኛው «ኳስ ቤቱ» ብቻ ይለዋል። በውድድሩ ሰሞን አራት ቀን ተመላልሼበታለሁ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሰፊው ፕሮጀክተር የተሰቀለበት፣ የአውሮፓ ኳስ የሚታይበት ሲሆን፣ ከጓዳው ጋር የሚዋሰነው ጠባቡ ክፍል ደግሞ አንድ ቴሌቪዥንና ሰባት አግዳሚ ወንበሮች አሉት። የታዳጊዎቹ ጨዋታ የሚታየው በዚህኛው ነው። መግቢያው 20 ብር፣ ለልጆች 10 ብር ነው። ወንበሮቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ዝናብ ሲመጣም የቆርቆሮው ድምፅ የተንታኙን ድምፅ ፈጽሞ ይውጠዋል። ሻዩ ትኩስ፣ ሳምቡሳው ጥሩ፣ ቦምቦሊኖው የማለዳ በመሆኑ ከሰዓት ላይ የደረቀ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ የሲሚንቶ ወለል ላይ እግርን ዘርግቶ ለሁለት ሰዓት መቀመጥ ቀላል ስላልሆነ ጋቢ ይዞ መሄድ ይበጃል።

ቤቱን ከሌሎቹ የለየው ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ነው። ባለቤቱ ምድቦቹን በጠመኔ ከፋፍለው ጽፈዋል፤ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ነጥቡንና የጎል ልዩነቱን ያስተካክላሉ። ሁለተኛ ቀን በሄድሁ ጊዜ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የሰሌዳው ጥግ ላይ ያለውን ስም እየጠቆመ «ጋሼ፣ ዛንዚባር አገር ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ጠመኔውን እንደያዙ፣ ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል እንደሆነችና የፊፋ አባል እንዳልሆነች፣ ውድድሩን በሚያዘጋጀው ማኅበር በሴካፋ ግን ከ12ቱ አባላት አንዷ ሆና የራሷን ቡድን እንደምታሰልፍ አስረዱት። ቀጥለውም በ2016 ዓ.ም. ኡጋንዳ ላይ በተካሄደው ከ15 ዓመት በታች ውድድር፣ አስተናጋጇን ራሷን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችው ይህችው ዛንዚባር መሆኗን ነገሩት። ለ10 ብር እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ቤት በከተማችን ሌላ አላየሁም።

በዚህ ክፍል ሁልጊዜ የሚነሣው ክርክር የዕድሜ ነው። ጺም ያለው ልጅ ስክሪኑ ላይ በታየ ቁጥር «ይሄም 17 ዓመቱ ነው?» የሚል ሳቅ ይነሣል። ቤቱ ለዚህም መልስ አለው። ፊፋ በ2002 ዓ.ም. ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን የሰውነትን ውስጥ በሚያነሣው የሕክምና መሣሪያ፣ በኤም.አር.አይ.፣ ማስመርመር እንደጀመረ፣ የአንጓው አጥንት የእድገት ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመም ተጫዋቹ ዕድሜው እንዳለፈ ተቆጥሮ ከውድድር ውጭ እንደሚሆን፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ የቀድሞ መምህር የራሳቸውን አንጓ እያሳዩ ሲያብራሩ ሰማሁ። እኒሁ ሰው ኢትዮጵያ በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫን አስተናግዳ አራተኛ በመውጣት አርጀንቲና ላይ ወደተካሄደው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ ማለፏን እንደ ትናንት ነው የሚያወሩት። ስለ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነሣ ግን ድምፃቸው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ የታዳጊዎች ሴካፋው አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ለፍጻሜ የደረሱት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ነበሩ፤ ሶማሊያ በፍጹም ቅጣት ምት ዋንጫውን ወሰደች፤ በአዋቂዎች ደረጃ አንድም ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያላለፈችው አገር በታዳጊዎቿ አልጄሪያ ላይ ለተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ደረሰች። እኔም የዚህን ውድድር ክብደት በደንብ የተረዳሁት እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ቀድሞ የዚህ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በደርሶ መልስ ጨዋታ ይካሄድ ስለነበር አንድ ክፉ ቀን ቡድኑን ያሰናብተው ነበር፤ አሁን ማጣሪያው በየዞኑ በአንድ ቦታ የሚካሄድ ውድድር በመሆኑ፣ ለታዳጊዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጎረቤት አገሮች ጋር ደጋግመው የመጫወት ዕድል ይሰጣቸዋል።

ስርጭቱ ግን የቤቱ ደካማ ጎን ነው። ጨዋታው የሚመጣው በዲሽ ሳይሆን በኢንተርኔት ስለሆነ ኔት ሲቆራረጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። በሦስተኛው ቀን አንድ ታዳጊ ኳሷን ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ምስሉ ደረቀ። አንድ እግሩ ከመሬት እንደተነሣ ደቂቃ ያህል ቆየ። ምስሉ ሲመለስ ሁለቱም ቡድኖች መሐል ሜዳ ላይ ነበሩ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት መምህሩ «ከመሐል ከተጀመረማ ገብታለች» ብለው ዳኙ፤ ባለቤቱም ያንን ተቀብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ይህ ሳቅ ያመጣል እንጂ አያስቆጣም።

ያስቆጣኝ የመጨረሻው ቀን ነው። ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ተጀምሮ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ሰፊው ክፍል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለነበር፣ 12 ሰዓት የሚጀምረውን የእንግሊዝ ጨዋታ ለማስተናገድ የእኛን ቴሌቪዥን ወደዚያው ቀየሩት። መግቢያ የከፈልነው ለታዳጊዎቹ ጨዋታ እንደሆነ ብናስረዳም «ይቅርታ፣ የሚያኖረን እሱ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘንም። ቤቱ ይህን ልማድ ማቆም አለበት፤ ካልሆነም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በር ላይ መናገር ይገባዋል። ገንዘባችንን ስንጠይቅ በምትኩ ሻይ ቀረበልን፤ ስኳሩ የበዛ ነበር። ልጆቹ ግን የባለቤቱን ስልክ ተቀብለው ባንኮኒው ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደገፉት፤ ስድስት ሆነው ጭንቅላታቸውን ገጥመው የቀሩትን ደቂቃዎች እዚያው ጨረሱ። ውጤቱን ሰሌዳው ላይ የጻፈው ስለ ዛንዚባር የጠየቀው ልጅ ነው።