«እኔ» ማለት ላስተማሩኝ ኢንጂነር

የኢንጂነርነት ፈቃዴን ከያዝኩ ቆየሁ። ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ለፈቃዱ ቃለ መጠይቅ ያዘጋጁኝ ሴት ስማቸው በየቦታው ሲነሳ ስለማይወዱ ነው። ሰሞኑን «ስም ሳልጠራ ልጻፍ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ሥራ ካላስፈታህ ጻፍ» አሉኝ። እትዬ ብዬ እቀጥላለሁ፤ ያኔም የምጠራቸው እንዲያ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልበል። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የኢንጂነርነት ፈቃድ የሚሰጠው ፒኢኦ የሚባለው የኢንጂነሮች ተቆጣጣሪ አካል ነው። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ከካናዳ ውጭ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የማረጋገጫ ፈተናዎች ይታዘዙበት ነበር። በቂ የሥራ ልምድ ያለው ግን ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፤ ጠያቂዎቹ ካመኑበት ፈተናው ሊነሳለት ይችላል። እኔም አዲስ አበባና ሐዋሳ ሳይት ላይ 9 ዓመት የከረምኩ የሲቪል ሰው ነኝና በ2022 ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ደስ አለኝ። ፈተና ከመቀመጥ ቁጭ ብሎ ማውራት አይቀልም እንዴ?

አይቀልም። መጀመሪያ የተዘጋጀ ጥያቄና መልስ በገንዘቤ ገዝቼ ሸመደድኩ። ከሻጩ ጋር የምጣላበት ጉልበት የለኝም፤ ብቻ መልሶቹ የሌላ ሰው ሕይወት ነበሩ። እትዬን ያገናኘኝ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። በስትራክቸር ሥራ የቆዩ፣ ፈቃዱን ራሳቸው በዚሁ መንገድ ያወጡ ሴት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን በቪዲዮ ተገናኘን። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ በእንግሊዝኛ «ስለ አንድ ፕሮጀክት ንገረኝ» አሉ። አሥር ደቂቃ ያህል አወራሁ፤ ጥሩ ያወራሁም መስሎኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ወረቀት ካሜራው ፊት ከፍ አደረጉ። በእርሳስ የተጫረ ጭረት ሞልቶበታል፤ አምስት አምስቱ ታስሯል። «31 ጊዜ ‹ዊ› (እኛ) አልክ። ‹አይ› (እኔ) ያልከው 2 ጊዜ ነው፤ አንዱም ‹አይ ቲንክ› (ይመስለኛል) ነው» አሉኝ።

ልከራከር ሞከርኩ። እኛ ዘንድ «እኔ ሠራሁት» የሚል ሰው ጉረኛ ነው፤ ሕንፃ ደግሞ አንድ ሰው አይሠራውም። ሁሉንም ሰሙኝና «ፈቃዱን የሚሰጡት ለድርጅትህ ነው ወይስ ላንተ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እኛ» ባልኩ ቁጥር «ማን?» እያሉ አፌን ያስይዙኝ ጀመር።

አንዱን ላጫውታችሁ። የሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ሲሞላ ኮንክሪቱ ደረቀብን ብለው ሠራተኞቹ ሚክሰሩ ላይ ውሃ ጨመሩበት። «ሙሌቱን አስቆምን» ብዬ አለፍኩት።

«ማን አስቆመ?»
«እኔ።»
«ለምን?»
«ውሃው ሲበዛ ጥንካሬው ስለሚወርድ።»
«በቃል ነው በጽሁፍ ያዘዝከው? ፎርማኑ ምን አለ? የፈሰሰውስ ምን ሆነ?»

ፎርማኑ ጮኾብኝ ነበር። የሳይት መዝገቡ ላይ ጽፌ አስፈርሜዋለሁ፤ ውሃ የገባበትን ኮንክሪት ገና ሳይጠነክር አስነስቼዋለሁ። ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ተራ የሳይት ጭቅጭቅ ነው ብዬ ረስቼው ነበር። ኋላ ኮሚቴው ፊት ረጅሙን ጊዜ ያወራነው ስለዚህ ነው።

ሌላም ቀን «ሲ 25 ኮንክሪት» ስል አስቆሙኝ። «በኩብ ነው በሲሊንደር?» ሲ 25 ማለት ናሙናው ተጨፍልቆ ሲለካ 25 ሜጋ ፓስካል የሚችል ኮንክሪት ነው፤ በሀገራችን ስሠራ የኖርኩበት ናሙናው በኩብ ቅርጽ የሚለካ ነው፤ እዚህ የሚሰበረው ሲሊንደር ነው። ያው ኮንክሪት በሲሊንደር ሲለካ ወደ 20 ሜጋ ፓስካል ግድም ይወርዳል። ሳላብራራ ብናገር ጠያቂው ሌላ ኮንክሪት ነበር የሚያስበው። ይህን ዓይነቱን ነገር እዚያም እዚህም ያልሠራ ሰው ሊነግራችሁ አይችልም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «አላውቅም» ማለት ነበር። ባልገባኝ ነገር ላይ ስዘላብድ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጉታል፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በእውነተኛው ቀን አንዱ ጠያቂ መሠረት ስሠራ እዚህ ከአዲስ አበባ ምን እንደሚለይብኝ ጠየቀኝ። አፈር ውስጥ ያለ ውሃ ሲቀዘቅዝ እንደሚያብጥና መሠረቱን እንደሚያነሳው፣ ስለዚህ በረዶ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ እንዳለበት ተናገርኩ። «ስንት ሜትር?» አለኝ። «እዚህ ስላልሠራሁ ኮዱንና የአፈር ምርመራውን ሳላይ ቁጥር አልጠራም» አልኩ። ሰውየው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ፈተናው ተነሳልኝ።

አሁን የምታመለክቱ ሰዎች፣ የኔን መንገድ እንዳለ አትከተሉ። ከግንቦት 2023 ወዲህ ፒኢኦ የሥራ ልምድን የሚመዝነው በ7 ክፍል በተመደቡ 34 ብቃቶች ነው፤ የ12 ወር የካናዳ ልምድ የሚለው ግዴታም ቀርቷል። ለየብቃቱ ሁኔታው ምን ነበር፣ አንተ ምን አደረግክ፣ ምን ውጤት መጣ እያላችሁ ትጽፋላችሁ፤ የሚመሰክርላችሁም ሰው ያስፈልጋል። እትዬ አሁን በዚህኛው ነው የሚያግዙት። በቃል ተጠይቆ መመለስን ግን አልተዉም፤ መጀመሪያ ያስወሯችኋል፣ ከዚያ ያወራችሁትን ያስጽፏችኋል።

እንዳትቀየሙኝ ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ለስለስ ያሉ ሴት አይደሉም፤ አንድ ጓደኛዬ ከአንድ ቀን በኋላ አልተመለሰም። መልእክት ቶሎ አይመልሱም። ክፍያ ይቀበላሉ፤ ሥራ ላላገኘ ሰው ግን «ስትቀጠር» ብለው እንደሚያልፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ጽፈው ይሰጡኛል ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ፤ አንድ መስመር አይጽፉላችሁም።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። የሚይዙት ሰው ጥቂት ስለሆነ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ስትቀርቡ ሲቪያችሁን ተዉትና የሠራችሁበትን አንድ ድሮዊንግ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከዚህ ላይ ያንተ መስመር የትኛው ነው?» ብለው ነው።